ሁለት ጊዜ የሚጨለፍ ሩዝ

ሚኔዮ እንግዳ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ጫማውን ነው። እንግዳው ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ሲገባ እሳቸው ከኋላው ይንበረከኩና ጫማውን አንስተው፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው ያስቀምጡታል፤ ሲወጣ እግሩን ሰዶ እንዲሄድ። በዚያች አፍታ ተረከዙ በየት በኩል እንደተበላ፣ አዲስ ይሁን የተዋሰው፣ ሁሉን ይለያሉ። "ይኼ ሰው ወገቡን ያመዋል፤ ወፍራሙን ፍራሽ አንጥፉለት" ይላሉ ወደ ማድ ቤት ሲመለሱ። ሲሳሳቱ አላየሁም።

ቤታቸው ሺዮሚ ይባላል። ኮኢሶ በምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ከወደቡ ግንብ አጠገብ ያለ ባለ ስድስት ክፍል የእንጨት ቤት ነው። እኔ ምንጣፍ ሰፊ ነኝ። ከቄጠማ የሚሠራውን የወለል ምንጣፍ፣ ታታሚን፣ እየሰፋሁ የምኖረው በባቡር ሦስት ሰዓት ርቃ ባለች ከተማ ነው። ከባለቤቴ ከኪኑዬ ጋር የሸርጣን ወቅት ሲገባ፣ በየኅዳሩ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ወደዚህ ቤት ተመላልሰናል። ሦስት ቀን ቆይተን እንመለሳለን። ሌላ ቦታ ሄደን አናውቅም፤ ለመሄድም አስበን አናውቅም።

ዘንድሮ ደጃፉ ላይ የወለቀው ጫማ አንድ ጥንድ ነበር። ሚኔዮ አንስተው አዞሩት። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ባዶ ሳንቃ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ጠረግ አደረጉት። አሸዋ አልነበረበትም።

"ባቡሩ ሞልቶ ነበር?" አሉኝ።

"መቀመጫ አግኝቻለሁ።"

"ደግ። ውሃው ሞቋል፤ መጀመሪያ ይታጠቡ።"

ስለ ኪኑዬ የተባባልነው ይኼው ነበር። በሚያዝያ ስትሞት ደብዳቤ ጽፌላቸው ነበር። መልሰው የደረቀ የባሕር ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ላኩልኝ፤ ወረቀቱ ላይ አንድም ቃል አልነበረበትም። ቅጠሉን ሾርባ ሠርቼበት በላሁት።

ሚኔዮ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከኮረብታው ወዲያ ካለ መንደር የአንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበሩ። በሃያ ሦስት ዓመታቸው ለሺዮሚ ቤት ልጅ ተድረው መጡ። አማታቸው ኦቶ ይባሉ ነበር። ኦቶ ክፉ አልነበሩም ይላሉ ሚኔዮ፤ ብቻ ሁለት ጊዜ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ምራቲቱ ውሃ ትቀዳለች፣ ዓሣ ትጠርጋለች፣ የእንግዳ ገበታ ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የሩዙ ዕቃ ግን ሁልጊዜ ከኦቶ ጉልበት አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

እኛ ዘንድ የቤት እመቤትነት በቁልፍ አይታወቅም፤ በሩዝ ጭልፋ ነው። ባል "ቤቱ የኔ ነው" ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ማንም አይከራከረውም። ለእንግዳውም ለቤተሰቡም ሩዝ የምትጨልፈው ሴት ግን ቤቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች። አማት ጭልፋውን ለምራት የምታስረክበው ዓመቱ በሚያልቅበት ዕለት ነው፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ የምታውቀው ደግሞ አማቲቱ ብቻ ናት። ሚኔዮ አሥራ ሰባት ዓመት ጠበቁ። በአሥራ ሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ኦቶ ጭልፋውን አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርገው ፊታቸው አስቀመጡና "ወገቤ ደከመ" አሏቸው። ሚኔዮ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከጨው በርሜሎቹ ጀርባ ሄደው አለቀሱ። ከደስታ ይሁን ከንዴት እስከ ዛሬ እንደማያውቁት አንድ ጊዜ ለኪኑዬ ነግረዋታል።

ጭልፋው ከሾላ እንጨት የተሠራ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ኦቶም ሚኔዮም የሚጨልፉት በቀኝ እጃቸው ስለሆነ አንዱ ጠርዙ ተበልቶ እንደ ጨረቃ ጎብጧል። የቤቱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ የሚኔዮ ቤት ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ቤት ሕግ ነው። ለሕያው ሰው ሩዝ ሁለት ጊዜ ይጨለፋል። እንግዳው "አንድ ጉርሻ ብቻ" ቢል እንኳ ያችው ጉርሻ ለሁለት ተከፍላ ትጨለፋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ተጨልፎ፣ ተከምሮ የሚቀርበው ሩዝ የሙታን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመታጠቢያው ስወጣ፣ በመብል ክፍሉ የሚኔዮ መቀመጫ ላይ ያለው ምንጣፍ ጠርዙ ተፈትቶ አየሁ። ጉልበታቸው የሚያርፍበት ቦታ ነው። መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ተቀምጬ መስፋት ጀመርኩ። ሚኔዮ የካምፎር ቅባት ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀምጠው የቀኝ እጃቸውን አንጓ ያሹ ጀመር።

"እንግዳ ሥራ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አያለሁ" አሉ። "ኦቶ ቢያዩኝ ይገርፉኝ ነበር።"

"እጅዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከበጋ። አይንገሩብኝ።"

"ማን የማያውቅ አለ?"

"ሁሉም ያውቃል። እርስዎ ግን አይንገሩ።" አንጓቸውን እያሹ "ኮሄይ ተጠርቷል" አሉኝ።

ኮሄይ አንድ ልጃቸው ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ የቤቱን ዓሣ የሚሠራው እሱ ነው።

"ወዴት?"

"ከዚህ በታች ያለው ትልቁ ሆቴል። ለሱም ለቺሃያም ሥራ አለ ብለዋቸዋል። በወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ።"

"ቺሃያ ምን አለች?"

"ምንም አላለችም። ዝምታዋ ነው የሚያስፈራኝ።"

ቺሃያ የኮሄይ ሚስት ናት። ከተራራው አገር፣ ፖም ከሚበቅልበት የመጣች ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ ሳቅዋ የሚታየው በትከሻዋ ብቻ ነው። ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በዚያ ቤት ለአንድም ሰው ሩዝ ጨልፋ አታውቅም።

"ምን እንደምትፈልግ ያውቃሉ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። እኔ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ነው የጠበቅኩት። እሷ ገና አሥራ ሁለቷ ነው።"

"ስለዚህ አምስት ይቀራታል።"

"እየቀለዱብኝ ነው?"

"ጥቂት።"

"ደግሞ ግራኝ ናት። ጭልፋው በቀኝ እጅ የተበላ ነው፤ ለሷ አይመችም።"

"አዲስ ጭልፋ ይገዛል እኮ።"

አዲስ እናት ግዙ ያልኩ ይመስል አዩኝ። ቅባቱን ከድነው ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"ብሰጣት እኔ ምን ልሆን ነው? በገዛ ቤቴ እንግዳ?"

"እንግዳ መሆን ክፉ አይደለም። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኜዋለሁ።"

"እርስዎ በሦስተኛው ቀን ይሄዳሉ" አሉ ሚኔዮ።

ክሩን ቋጥሬ በጥርሴ ቆረጥኩት።

በዚያ ቀን ከኔ ሌላ ሦስት እንግዶች ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የመርከብ ሞተር ሠራተኞች፣ ሦስቱም ጓደኛሞች። ከመካከላቸው ኦዜኪ የሚባለው ድምፁ አሁንም ከሞተር ጋር የሚፎካከር ነበር። እራት የቀረበው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ ገና ጥቂት ብርሃን እንደያዘ ነው። ሸርጣን ነበር፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ራዲሽ የሚባል ኮምጣጣ ነጭ ሥር፣ ሾርባ።

"እመት ሚኔዮ" አለ ኦዜኪ የሸርጣን እግር አንስቶ፣ "አምና የበላሁት ከዚህ ይወፍር ነበር።"

"ሸርጣኑ ያው ነው። የወፈሩት እርስዎ ነዎት።"

"ሚስቴ ነች የላከችዎት?"

"ጫማዎ ነው የነገረኝ።"

ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። ሩዝ በእራት መጨረሻ ይመጣል። ቺሃያ ክቡን የእንጨት ዕቃ ይዛ ገባች፣ ከአማቷ ጉልበት አጠገብ፣ በሰፋሁት ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው፤ ተመልሳ በሩ ሥር ተንበረከከች። ሚኔዮ ክዳኑን አነሱ። የዘንድሮ ሩዝ ነው፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጭልፋውን ውሃ ውስጥ ነክረው ለኦዜኪ ሁለት ጊዜ ጨለፉ፣ ለጓደኞቹም ሁለት ሁለት ጊዜ። ወደ ሦስተኛው ሳህን ሲደርሱ እጃቸው እንደዘገየ አይቻለሁ። የኔ አራተኛው ነበር።

አንድ ጊዜ ጨለፉ፤ ብዙ አድርገው። ሳህኑ ውስጥ ከመሩት። ከዚያ ጭልፋውን አስቀምጠው ሳህኑን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

ተቀበልኩት። እንዲህ ያለ ሳህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በሚያዝያ ነው።

ኦዜኪ ማውራት አቆመ። ሚኔዮ ያስተዋሉት ሳህኑ እጄ ከገባ በኋላ ነው። ፊታቸው ላይ የሆነውን አልጽፈውም። እንግዳ ተቀብለው ሃምሳ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ሳህን ደግሞ የሰጡት ለማን እንደሆነ ያውቃሉ።

"እመት ሚኔዮ" አልኩ፣ "ባቡር ያስርባል። ትንሽ ይጨምሩልኝ።"

ሳህኑን መልሼ ዘረጋሁላቸው። ጭልፋውን አነሱ፤ ጣቶቻቸው ግን አልጨብጥ አሉ። ሩዙ ውስጥ ገባ፣ አልወጣም። ሁለተኛ ሞከሩ።

ቺሃያ ከበሩ ሥር በጉልበቷ ተንፏቅቃ መጣች። ጭልፋውን ትወስደዋለች ብዬ ነበር፤ አልወሰደችም። ግራ እጇን ከአማቷ አንጓ ሥር አስገባችና ደገፈችው። ሁለት ሆነው ጥቂት ሩዝ አንስተው ከቁልሉ አናት ላይ አኖሩልኝ።

"አሁን ሆነ" አለ ኦዜኪ ትንፋሹን ለቆ። "ለኔም እንዲሁ ተረዳድታችሁ ጨልፉልኝ። ሁለት ሴቶች የጨለፉልኝ ሩዝ በልቼ አላውቅም።"

"አንዷ እንኳን ከጨለፈችልህ አመስግን" አለው ጓደኛው።

ሁሉንም በላሁት። ጥሩ ሩዝ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ባሕሩ በሚያየው በረንዳ ወጣሁ። ጀልባዎቹ እየተመለሱ ነበር። ሚኔዮ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ ሽርጣቸውን ገና አላሰሩም።

"ትናንት ያደረግሁት" ብለው ጀመሩ።

"ሩዙ ጥሩ ነበር።"

"ይተዉኝ ልናገር። ኪኑዬን እያሰብኩ ነው እጄ የሳተው ልልዎት ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳዘጋጀው ነው ያደርኩት፤ ሲሰሙት ያምራል። ግን ውሸት ነው። አንጓዬ ነው የከዳኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ተቀይመውኛል?"

አሰብኩበት። "ኪኑዬ ብትኖር ትስቅ ነበር" አልኩ።

"ትስቅ ነበር" አሉ ሚኔዮ። "አፏን በእጅጌዋ ሸፍና።"

"ድምፁ ግን በጎን ያመልጣት ነበር።"

"እስከ ወደቡ ይሰማ ነበር እንጂ።" አንዲት ጀልባ ግንቡን ዞራ ገባች። ሚኔዮ ሽርጣቸውን አሰሩ። "ይምጡ" አሉኝ፣ "ምስክር ያስፈልገኛል።"

ማድ ቤቱ ውስጥ ኮሄይ የዓሣ ቅርፊት እየፈገፈገ ነበር። ቺሃያ የሩዙን የብረት ድስት ከእሳት አውርዳ እስኪረጋ ትጠብቃለች። ሚኔዮ ክዳኑን ከፍተው የመጀመሪያውን ጭልፋ በትንሿ ሳህን አደረጉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እንደ ወትሮው ወስደው ባላቸውና ኦቶ በሚታሰቡበት መደርደሪያ ላይ አኖሩት። እዚያ ከወትሮው ጥቂት ዘግየት አሉ። ተመልሰው ጭልፋውን አጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረጉትና ሳንቃው ላይ ተንበርክከው ከቺሃያ ፊት አስቀመጡት።

"አንጓዬ ደከመ" አሉ።

የኮሄይ ቢላዋ ቆመ፤ ዞር ግን አላለም።

ቺሃያም ተንበረከከች። ጭልፋውን አየችው እንጂ አልነካችውም። "እናቴ፣ ዓመቱ ገና አላለቀም።"

"ዓመቱ እስኪያልቅ ብጠብቅ ስንቱን እንግዳ በቁሙ እንደምቀብር እንጃ።"

"ስለ ሆቴሉ ብለው ከሆነ ግን ይተዉት።"

"ስለ ሆቴሉም ነው። እንድትሄጂ አልፈልግም። ትናንት ማታ ግን ጭልፋውን ልትነጥቂኝ ትችይ ነበር፤ ደገፍሽኝ። ይበልጡን ስለ እሱ ነው።"

ቺሃያ አንገቷን ደፋች። "ብቀበልዎትና ነገ 'እንዲህ አይደለም' ቢሉኝስ?"

"እላለሁ እንጂ። የሰጠሁሽ ጭልፋውን ነው፤ አፌን አይደለም።"

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ግንባሯ ከፍ አደረገችው። ተነሥታ ድስቱ አጠገብ ቆመች፣ ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። የተበላው ጠርዝ ወደማይሆነው ጎን ነበር፤ ሚኔዮ ፊታቸውን ጨፍገግ ሲያደርጉ አየሁ። ቺሃያ ጭልፋውን በጣቶቿ መካከል ገልበጥ አደረገችው። የጎበጠው ጠርዝ ዞሮ ለግራ እጅ ልክ ሆነ። በድስቱ ዳር አስገብታ ሩዙን ከሥር ወደ ላይ አላቀቀችው፤ ምንም አልጎረበጣትም።

ሚኔዮ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። "ሠላሳ ሦስት ዓመት ይዤው መገልበጡ አልታየኝም" አሉ። "አንቺ መቼ አወቅሽው?"

"በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ እኮ፣ እናቴ።"

ያን ጊዜ ኮሄይ ሳቀ፤ አሁንም ሳይዞር።

ቁርስ ሲቀርብ ችግር የሆነው የሚኔዮ መቀመጫ ነው። ከሩዙ ዕቃ አጠገብ ቺሃያ ተቀምጣለች። ሚኔዮ ወደ በሩ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ መጋረጃ አቃኑ፣ የተቃናውን መልሰው አቃኑ። ኦዜኪ "እመት ሚኔዮ፣ ንፋስ ነው የሚነዳዎት?" አላቸው።

"እዚህ ባዶ ነው" አልኩ። ከፊት ለፊቴ ያለው ቦታ ነበር። የመቀመጫ ትራሱን ማንም ያላነሣው የኪኑዬ ቦታ።

ጥቂት ቆሙ። ከዚያ መጥተው ተቀመጡ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደተጠራ ተማሪ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ቺሃያ ለእንግዶቹ ጨለፈች፤ ከኔ ጀምራ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። የመጨረሻው ሳህን የአማቷ ነበር። አንድ፤ ሁለት። በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። ሚኔዮ ሳህኑን አዩ፣ አንድ ጉርሻ ቀመሱ።

"ጠቅጥቀሽዋል" አሉ።

"እሺ፣ እናቴ።"

"ሩዝ ይተኛል እንጂ አይታሰርም።"

"እሺ፣ እናቴ።"

ጨርሰው በሉትና ሳህኑን ለሁለተኛ ዘረጉ።

በኋላ ቺሃያ ከድስቱ ሥር የተፋቀ ያረረ ሩዝ ጨው ነስንሳበት በትንሽ ሳህን ፊቴ አኖረች። ኪኑዬ እሱን ትወድ ነበር፤ ሁልጊዜ ሚኔዮ ናቸው ይዘው የሚመጡላት። "የምፍቀው እኔ ነበርኩ" አለችኝ ቺሃያ ዝግ ብላ። "ለባለቤትዎ ስፍቅ እንዳይሰበር እጠነቀቅ ነበር።" ግማሹን ለሚኔዮ ገፋሁላቸው። ጥርሳቸው እንደማይችለው ነገሩኝና በሉት።

በሦስተኛው ቀን ለመሄድ ስዘጋጅ ቺሃያ የእንግዶቹን ደብተር ይዛ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ።

"የመጪው ኅዳር፣ ያው ክፍል ነው?"

"ያው ነው። ማን ነው የሚቀበለኝ?"

"እኔ" አለችና ጻፈችው። በዚያው ደብተር መሐል ኮሄይ ለሆቴሉ የጻፈው ደብዳቤ፣ ቴምብር ተለጥፎበት፣ ለፖስታ ቤት ተሰናድቶ ነበር። ቀጭን ነው። እንቢታ ብዙ ወረቀት አይፈጅም።

ደጃፉ ላይ ጫማዬ ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጧል። "እሱንም ቺሃያ ታዞረው ጀመር?" አልኩ።

"ጭልፋ ሰጠሁ እንጂ ጫማ አልሰጠሁም" አሉ ሚኔዮ ከጀርባዬ። ከጫማዬ አጠገብ፣ በዚያ ባዶ ሳንቃ ላይ፣ የእሳቸው የእንጨት ጫማ ነበር፤ እሱም ወደ ውጭ ዞሯል። "እስከ አውቶቡሱ እሸኝዎታለሁ። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ እጄ ሩዝ ውስጥ ነበር፤ አንድም ቀን ሸኝቼዎት አላውቅም።"

በወደቡ ግንብ አጠገብ ቀስ ብለን ሄድን። አውቶቡሱ ገና ስለነበር ግንቡ ላይ ተቀመጥን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ዘርግተው ያደርቃሉ። ሚኔዮ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ በመጨረሻ እቅፋቸው ውስጥ አኖሩት።

"ሰው በዚህ ሰዓት ምን ይሠራል?" አሉኝ።

"ባሕሩን ያያል።"

አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ከመስኮቱ ሲታይ ይጠባል" አሉ።

አውቶቡሱ ኮረብታውን ሲወርድ ተሰማ። እሳቸው አልተነሡም፤ ተሳፍሬ ከመስኮቱ ሳይ እስከ መታጠፊያው ድረስ እዚያው ተቀምጠው ነበር።